ከአሥራ ሁለቱ አንድም ያላገኘው ሰው

አጎቴ «መርማሪዋ» ይሉኛል። ሊያሾፉብኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ልክ ናቸው። አዳራሹ ውስጥ የተረሳ ጓንት ባገኝ የማን እንደሆነ ሳላጣራ ምሳ አይወርድልኝም።

ሥራዬ በእሳቸው ሲኒማ ቤት ትኬት መሸጥ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ ቤታችንና ሥራችን አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ እራት ላይም የምናወራው ስለ ፊልም ነው። የምናወራው ስል ትንሽ አጋንኛለሁ። የሚያወሩት እሳቸው ናቸው።

በየዓመቱ የታላቁ የፊልም ሽልማት እጩዎች ሲታወቁ አጎቴ የግምት ወረቀት ያሳትማሉ። አሥራ ሁለት ዘርፍ፣ በእያንዳንዱ ዘርፍ አምስት እጩ፣ ከእያንዳንዱ እጩ ፊት ትንሽ ሳጥን አለ። ከምርጥ ፊልም ጀምሮ እስከ ምርጥ አልባሳት ድረስ ማን እንደሚያሸንፍ ምልክት አድርጎ፣ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ መግቢያው ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ መክተት ነው። ብዙ ያገኘ ዓመቱን ሙሉ በነጻ ይገባል። አጎቴ ግን ንግግር ስለሚወዱ አንድ ደንብ ጨምረዋል፦ አሸናፊው ቅዳሜ ከፊልሙ በፊት መድረክ ላይ ወጥቶ እንዴት እንደገመተ በድምፅ ማጉያ ይናገራል።

ወረቀቶቹን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ነገሩን ያስተዋልኩትም በሦስተኛው ዓመት ስቆጥር ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ መነጽር ሠሪ ከአሥራ ሁለቱ አንድም አላገኘም። አምናም አላገኘም። ካቻምናም አላገኘም።»

«ዕድለ ቢስ ነዋ» አሉ አጎቴ፣ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ።

«ዓይኑን ጨፍኖ ምልክት ያደረገ ሰው እንኳ ሁለት ሦስቱን ያገኛል። የእርስዎ ፀጉር ቆራጭ አንድም ፊልም ሳያይ አራት አግኝቷል እኮ።»

«እና?»

«እናማ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁሉንም ለመሳት ሁሉንም ማወቅ ያስፈልጋል።»

አጎቴ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ሥራ ፈተሻል» አሉና ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

መነጽር ሠሪውን አውቀዋለሁ። ሱቁ ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። በመስኮቴ በኩል የትኬቱን ዋጋና «ሰባተኛ ረድፍ፣ ዳር» የሚል ቁራጭ ወረቀት ያስገባል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ፈገግ ይልና ይገባል። አስተናጋጆቹ «ዝምተኛው» ብለው ስም አውጥተውለታል። ስለ ብርዱ ባነሳለት ራሱን ይነቀንቃል። ስለ ፊልሙ ርዝመት ባነሳለት ራሱን ይነቀንቃል። ኩራተኛ ነው እንዳልል ዓይኑ የኩራተኛ አይደለም፤ የማይቸኩል ዓይን ነው። እሱ ከገባ በኋላ ቀጣዩ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ካልጠራኝ አልሰማም።

የሦስቱን ዓመት ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኳቸው። በሰማያዊ ብዕር ከተደረጉት ምልክቶች ጎን፣ ሌሎች ሳጥኖች ውስጥ፣ በላጲስ የጠፋ የእርሳስ ምልክት አለ። ወረቀቱ ላይ ጎድጉዶ ቀርቷል። የጠፉትን ቆጠርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ ትክክል፤ በሁለተኛው አሥር፤ በሦስተኛው አሥር። ያን ቀን ለደንበኛ የልጅ ትኬት በአዋቂ ዋጋ ሸጬ ተቆጡኝ።

ሰው ትክክለኛውን መልስ አውቆ ለምን ያጠፋዋል?

በአራተኛው ዓመት ወረቀቱ እንደገና መጣ። ወደ ብርሃን ያዝኩት፤ እርሳሱ አለ። አንድ ባዶ ወረቀት አወጣሁ፣ ስሙን በእሱ እጅ ጽሕፈት አስመስዬ ጻፍኩ፣ ያጠፋቸውን አሥራ ሁለቱንም ምልክቶች በብዕር መለስኳቸው። የእሱን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ፣ የእኔን ሳጥኑ ውስጥ አደረግኩ። ውለታ ልውልለት ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ድምፁን መስማት ስለፈለግኩ ነው። ድምፁ ደግሞ የሚሰማው ካሸነፈ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ አገኘ። እሱን የተከተለችው ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ስምንት ነበራት።

ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ «የተረሳ ዕቃ አለዎት» ብሎ ሱቁ ድረስ ሄዶ አመጣው። አዳራሹ ሙሉ ነበር። አጎቴ ስሙን ሲጠሩ ፊቱ ደም የሌለው ሆነ። ሰዉ እያጨበጨበ ወደ መድረኩ ገፋው። እኔ የጎን በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ።

«እ...» አለ።

ጠበቅን። «እ... እ... እ...» ማጉያው ያንን ድምፅ ወስዶ አዳራሹን ሞላው። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው።

አጎቴ ለመርዳት ብለው ማጉያውን ጠጋ አሉና «እጅግ ደስ ብሎኛል ነው የሚለው!» አሉ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ።

እሱ ማጉያውን ቀስ አድርጎ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ከመድረኩ ወረደ፣ በጎን መተላለፊያው ወደ በሩ ሄደ። አጠገቤ ሲደርስ አየኝ። ወረቀቶቹን ማን እንደሚቆጥር ያውቃል። የሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላ ያለውም እንዲሁ።

ሁለት ሳምንት እንደምንም ቻልኩ። ሰኞ ሱቁ ሄድኩ። ጠባብ ናት፤ በግድግዳው ላይ የመነጽር ክፈፎች ተደርድረዋል፣ በአንድ ጥግ የፊደል ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ እሱ መስታወት በሚሞርድበት ማሽን ላይ አጎንብሷል። ስገባ ማሽኑን አጠፋ።

«እርስዎ አይደሉም የሞሉት፤ እኔ ነኝ» አልኩ፣ ገና በሩን ሳልዘጋ። «እርሳሱን አይቼው ነው። መናገር እንደሚያስቸግርዎት አላወቅኩም። በፍጹም አላወቅኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«መ... መ...»

«መጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ...»

እጁን አነሳ። ዝም አልኩ። ረጅም ጊዜ ፈጀበት፣ ግን ጨረሰው፦

«መ... መድረኩ ላይ... ልል የነበረው... እኔ... አይደለሁም ነው። ሰው ሁሉ... ቃሌን... ይጨርስልኛል። አንቺ... ወ... ወረቀቴን ጨረስሽልኝ።»

ከዚያ አንዲት ቃል ብቻ ሳይንተባተብ አወጣት። «ሂጂ።»

ሄድኩ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ሰው ቢያየኝም ግድ አልነበረኝም። ስሕተት መሥራቴ ብቻ አልነበረም፤ በምወደው ሰው ላይ ነበር ሰው ያሳቅኩት። እንደምወደው ያወቅኩትም እዚያ መንገድ ላይ ነው፣ ምንም በማይጠቅምበት ሰዓት።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ አጎቴን ሳላስፈቅድ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ወረቀቱን የቀየርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሰውየው ለማሸነፍ እንዳልተወዳደረ፣ የተሳቀበትም በእኔ ጥፋት እንደሆነ ተናገርኩ። ሽልማቱ ለአዋላጇ ተሰጠ። አጎቴ ቢሮ አስገብተውኝ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ወረዱብኝ። የቤቱን ስም እንዳጎደፍኩ፣ ከእንግዲህ ያንን ሳጥን በእጄ እንዳልነካ ነገሩኝ። በመጨረሻ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም አጉል ቀለድኩ» አሉ።

አዋላጇ የመነጽሯን መስታወት ልታስቀይር ሱቁ ሄዳ ሁሉንም ነገር አውርታለታለች። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። እኔ የማውቀው ሐሙስ ቀና ስል መስኮቴ ፊት ቆሞ እንዳገኘሁት ነው። እጁ ላይ ቁራጭ ወረቀት የለም።

«ሰ... ሰ...»

ከኋላው አምስት ሰው ተሰልፏል። ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ ያነበብኩት ነው። ትኬቱ እጄ ላይ ነው። ከኋላ አንዱ «ኧረ ቶሎ በሉ» አለ። ምላሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

«ሰ... ሰባተኛ ረድፍ... ዳር።»

«ይኸው» አልኩት። ፈገግ አለ፤ ገባ።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ወደ ሱቁ መሄድ ጀመርኩ። ሰበብ አላጣሁም፤ ዓይኔ ደህና ሆኖ ሳለ አራት ጊዜ አስመርምሬዋለሁ። በአምስተኛው እሱ ራሱ ሳቀና ያለ ሰበብ መምጣት እንደሚቻል ነገረኝ። «እርስዎ» ማለቴም በዚያው ቀረ። አንድ ውል ገባን፦ ቃሉን አልጨርስለትም። ለእኔ ቢጤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፌን በእጄ ይዤ የተቀመጥኩበት ጊዜ አለ፤ እሱም እያየኝ ይስቃል፤ ሲስቅ አይንተባተብም።

«እንዴት ነው የምትገምተው?» አልኩት አንድ ቀን። ያቺ ጥያቄ ሆዴን ስትበላኝ ነው የከረመችው።

«ፊልሙን... አይደለም የምገምተው» አለ። «ሰ... ሰዎቹን ነው። ሽልማቱን የሚሰጡት... ሰዎች ናቸው። ዳር የምቀመጠው... ሰው ለማየት ነው። ሰው ሊናገር ሲል... ፊቱ... ቀድሞ ይናገራል። እኔ... አፌ እስኪከፈት... ብዙ ትርፍ ጊዜ አለኝ። ፊት ሳይ ነው... የኖርኩት።»

«ታዲያ መናገር ካልፈለግክ ወረቀቱን ለምን ታስገባለህ?»

«አንቺ... ስለምትቆጥሪው።»

«እርሳሱስ?»

«ለአንቺ... ውሸት ብቻ... መላክ አልወደድኩም።»

ማሽኑ ላይ ያለውን መስታወት አየሁ፣ የፊደል ሰሌዳውን አየሁ፣ ሌላ የማየው ነገር ሲያልቅ እሱን አየሁት። ደንበኛ ገብቶ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

አጎቴ ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። ክፉ ሆነው አይደለም። «የኔ ልጅ፣ አንቺ የወሬ ሰው ነሽ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ስትጠብቂ ልታረጂ ነው?» አሉኝ። እኔም ክፉ መለስኩላቸው፤ አንድ ወር ያህል እራት ላይ ዝም ተባባልን። በዚያ ቤት ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያወቀ ነው። ያለ እሳቸው ይሁንታ ማግባት አልችልም ነበር፤ ደንብ ሆኖ ሳይሆን ከእሳቸው ሌላ ማንም ስለሌለኝ ነው።

ይህን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«እኔ... አነጋግራቸዋለሁ» አለ።

«አብሬህ እገባለሁ።»

«አይሆንም። ብ... ብቻዬን።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። እኔ ትኬት መሸጫው ውስጥ ሆኜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ሌላ ጊዜ የአጎቴ ድምፅ ያንን ግድግዳ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። ያን ቀን ምንም የለም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው የእሱ እርምጃ ወደ ውጭ አለፈ። አጎቴ ተከትለው ወጡ።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

መልስ ከመስጠታቸው በፊት መቀመጫ ፈለጉ። «ሁለት ቦታ ላይ ልጨርስለት አስቤ ነበር» አሉ። «ሊል ያለው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሁለቴም ሳትኩ። ከዚያ ወዲያ ዝም ብዬ ሰማሁት።» መሐረባቸውን አወጡ። «ሰው ስለ አንቺ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። እኔ ራሴ ብዙ አውርቼ እንደዚያ ብዬ አላውቅም። በይ ሂጂ፤ ውጭ ነው።»

መንገዱ ዳር ቆሟል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አየኝና ጀመረ፦

«አ... አጎትሽን ጠየቅኩ። አንቺን ግን... ገና... አልጠየቅኩሽም።»

ጥያቄው ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ለማንም ይገባል። መልሱ ከንፈሬ ላይ ነበር፤ ከዚያ የመንገድ ላይ ለቅሶ ጀምሮ ነበር። እሱ አንዲት ፊደል ላይ ቆመ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አረፈ፣ እንደገና ጀመረ። አውቶቡስ መጥቶ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ። አንዲት ሴትዮ ዕቃ ተሸክማ በመካከላችን አለፈች። እሱ ገና መሃሉ ላይ ነበር። በሕይወቴ ቀድሜ የማውቀውን ነገር እንዲያ ጓጉቼ ሰምቼ አላውቅም። የመጨረሻዋ ቃል ሙሉ በሙሉ ከአፉ እስክትወጣ ጠበቅኩ።

ከዚያ «እሺ» አልኩት።