«በቃኝ» የጠፋበት ቤት

አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ከሰል ነጋዴው አዝመራው እየወፈረ ሲሄድ፣ ምስጋናው የሚደርሰው ለሚስቱ ለያለምወርቅ ነበር። «ባሏን እንዴት አድርጋ ብትይዘው ነው!» ይላሉ ጎረቤቶቿ፤ እሷም ደስ ይላታል። በችግር ያደገች ናትና የባሏን ቦርጭ ስታይ ኑሮ የሞላላት ይመስላታል።

የከሰሉ ገበያ ሲደራ ድንቹና የገብሱ ቂጣ ከቤቱ ወጡ። ጠዋት ቦምቦሊኖ ስኳር ከበዛበት ሻይ ጋር፣ ቀን ዘይት የጠጣ ጥብስ ከለስላሳ ጋር ሆነ። አዝመራው «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» ትለዋለች። በሞቴ የተባለ ሰው ደግሞ እጁን ሰብስቦ ቢነሳ ጋባዧን አስቀየመ ማለት ነው። እያደር «በቃኝ» ማለቱን ተወ፤ ማዕዱ ሳይነሳ ይርበው ጀመር። ያለምወርቅ ይህን ጤና ብላ ጠራችው።

ጤና ጣቢያ ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። ነርሷ ደጊቱ ሁለቱንም አስቀምጣ አስረዳች፤ ሰው ሲጠግብ ሰውነቱ ለአንጎሉ መልእክት ይልካል፣ ስኳርና ስብ ሲደጋገምበት ግን አንጎል መልእክቱን መስማት እየተሳነው ይሄዳል።

«ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው የወፍጮውን ድምፅ እንደማይሰማው ነው» አለችው። «ረሀብዎን አይመኑት። በልክ ይብሉና ይነሱ።»

ያለምወርቅ አኩርፋ ወጣች። «የበላን ሰው ምን ይነካዋል?» አለችና የዚያኑ ቀን ፍትፍቱን በቅቤ አራሰችው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይቻል ነበር፤ አላሉም። የታዘዘለትንም ኪኒን ሲያሻው ይውጣል፣ ሲያሻው ይተዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዝመራው ከሰሉን ከሚከሰልበት ጉድጓድ ሲያስወጣ ፍም ረገጠ። ጫማው ሲጨስ ያዩት ሠራተኞቹ ናቸው፤ እሱ አልተሰማውም። ስኳሩ የእግሩን ስሜት ገድሎት ኖሯል። ቁስሉ አልድን አለ፤ በመጨረሻም እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ቤቱ ሲመለስ ጠያቂው ለስላሳና ብስኩት ይዞ ጎረፈ። ያለምወርቅ ያመጡትን ከበር ላይ ትመልስ ጀመር፤ ንፉግ አሏት። ከሐሜቱ ይልቅ የከበዳት ግን ባሏ ነበር። በልቶ ሲጨርስ ዐይኑን ከሌማቱ አልነቀለም።

«አንች፣ ራበኝ» አላት።

«አሁን በላህ እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን ራበኝ።»

እንደማይዋሽ ታውቃለች። ሌማቱን ከደነችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አንዱን እግርህን የበላሁት እኔ ነኝ» አለችው፤ «ሁለተኛውን አልበላም።»

ወገኖቼ፣ የምትወዱት ሰው «በቃኝ» ሲላችሁ እመኑት። ያ ቃል ከአንድ ሰው ከጠፋ ቶሎ አይመለስም። አዝመራው እስከ ዛሬ ከማዕድ የሚነሳው እየራበው ነው።