ሻሺቱ እና ገጽ አርባ ሰባት

ኖላዊት የኢንተርኔት ገጹን ስትከፍተው የጻፈችው ዓረፍተ ነገር እንደገና ጠፍቷል። ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ስለ መንደሩ አየር ጠባይ የጻፈችው አለ፣ ስለ ሽመናው የጻፈችውም አለ፤ የቅድመ አያቷ የሻሺቱ ነገር ብቻ ተለቅሞ ወጥቷል። ማን እንዳጠፋው ስትፈልግ ያው የተለመደው ስም መጣ፤ ሀብተጊዮርጊስ። ከስሙ ጎን አጭር ማስታወሻ አኑሯል፦ «ይቅርታ፣ ምንጭ አልተጠቀሰም።»

ጊዜው 2007 ዓ.ም. ነበር። ኖላዊት አርባ ምንጭ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። እንድሪያስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ትምህርት ቤታቸው እየመጣ፣ ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ በአማርኛ መጻፍ ያስተምራቸዋል። የዚህ የቅዳሜ ክበብ አባላት እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ እንዲጀምሩ ሲነገራቸው አንዱ ስለ አዞ፣ ሌላው ስለ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ጻፈ። ኖላዊት የመረጠችው አባቷ የተወለደባትን ዘሞን ነው። ዘሞ ከኦቾሎ ወዲያ ባለው ሸንተረር ላይ ያለች፣ ካርታ ላይ እንኳ የማትገኝ ትንሽ መንደር ናት።

አያቷ ጉታ እዚያው ይኖራሉ፤ ሸማኔ ናቸው። አንድ ክረምት መወርወሪያቸውን እያመላለሱ የእናታቸውን የሻሺቱን ታሪክ አጫውተዋት ነበር። ድሮ ወደ ምንጩ የሚያወርደው መንገድ ገደል ነበረ። አንዲት ነፍሰ ጡር እንስራ እንዳዘለች አዳልጧት ከወደቀችና ከሞተች ወዲህ፣ ሻሺቱ የመንደሩን ሴቶች ሰብስባ ድንጋይ ታስነጥፍ ጀመር። ወንዶቹ ሳቁባቸው። ሴቶቹ ግን ሁለት በጋ ድንጋይ ሲሸከሙ ከርመው ስልሳ ሁለት ደረጃ ሠሩ። ደረጃው ዛሬም አለ፤ ኖላዊት ራሷ ወርዳበታለች። የሻሺቱ ስም ግን ከጉታ አፍ በቀር የትም አይገኝም።

«ደግሞ አጠፋብኝ» አለቻት አጠገቧ ለተቀመጠችው ለጓደኛዋ ለሚስጥር።

ሚስጥር አንገቷን አስግጋ አነበበች። «መጽሐፍ ነው የፈለገው? ስጪዋ አቦ።»

«የለም እኮ።»

«አለመኖሩን እሱ በምን ያውቃል? ርዕስ፣ የደራሲ ስም፣ ገጽ፤ በቃ። ደግሞ ውሸት አልጻፍሽም። ደረጃው እንደሆነ አለ።»

ነገሩ እውነት መሰላት። ሻሺቱን በሐሰት አልፈጠረቻትም፤ ሰውዬው ወረቀት ፈለገ እንጂ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን መልሳ ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ደበሌ ታምሩ፣ የደጋ መንደሮች ትዝታ፣ ገጽ 47።» ለምን አርባ ሰባት እንዳለች እሷም አታውቀውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓረፍተ ነገሩ አልተነካም። ከዚያ ወዲያም አልተነካም። እንዲያውም ሀብተጊዮርጊስ አመስግኗት የፊደል ግድፈቶቿን አርሞላት፣ ረጃጅም አንቀጾቿንም ከፋፍሎላት ነበር። እንድሪያስ በገጹ በጣም ስለተደሰተ፣ በወላጆች ቀን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ የሚታየው የእሷ እንዲሆን ርዕሰ መምህሩን አስፈቀደ። አባቷ ይህን ለጉታ ደውሎ ነገራቸው። ሽማግሌውም የእናታቸውን ስም ተጽፎ በዓይናቸው ሊያዩ፣ ከዘሞ ሊወርዱ ቀን ቆረጡ።

የወላጆች ቀን ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ኖላዊት ኮምፒውተሩን ስትከፍት በገጹ የውይይት ክፍል መልእክት ጠበቃት።

«ውድ ኖላዊት፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ሻሺቱ ካነበብኩ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣችም። በእኛም ሰፈር ድልድይ ያሠሩ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ስማቸውን ግን ማንም አላስቀረልንም። መጽሐፉን ፍለጋ ሁለት ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አጣሁት። አንቺ ጋ ካለ ገጽ 46ን እና 48ን ትገለብጪልኛለሽ? ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገች ማወቅ ፈልጌ ነው። ሴቶች ስለሠሯቸው መንገዶች በጀመርኩት አዲስ ገጽ ላይም መጽሐፉን ጠቅሼዋለሁ።»

ኖላዊት መልእክቱን ደግማ አነበበችው። እስካሁን ሀብተጊዮርጊስን የምታስበው የሰው ድካም እየሰረዘ እንደሚደሰት ክፉ ሰው ነበር። እሱ ግን ከቤተ መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት እየዞረ የእሷን ቅድመ አያት ይፈልግ ኖሯል።

ሚስጥር መጽሐፉ ጠፋብኝ እንድትለው መከረቻት። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አታካብጂው። አያትሽ መጀመሪያ ይዩት፤ ከዚያ ታጠፊዋለሽ።»

የከበዳትም ይኸው ነው። ጉታ ስሙን ለማየት ብለው ያን ሁሉ ቁልቁለት ሊወርዱ ነው። ቢሆንም የሀብተጊዮርጊስን አዲስ ገጽ ከፈተችው። የፈጠረችው መጽሐፍ ከእውነተኞቹ መጻሕፍት መካከል ተሰልፎ ቁጭ ብሏል። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ከዚህ ይወስደዋል። አንድ ቀን ደበሌ ታምሩ የሚባል ደራሲ እንደሌለ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ሻሺቱ የምትባል ሴት ነበረች ብላ ብትምል ማን ያምናታል?

እንድሪያስን ጠርታ ሁሉንም ነገረችው። የሚቆጣት መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እኔ ላጥፋው?» አላት።

«አይ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መጽሐፉን ሰረዘችው። ያለ እሱ ዓረፍተ ነገሩ ሊቆም እንደማይችል ስለምታውቅ እሱንም ሰረዘችው፤ ጣቷ ግን ቁልፉ ላይ ጥቂት ቆይቶ ነው። ምክንያቱን ጻፊ በሚለው ቦታ «መጽሐፉ የለም፤ የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ለሀብተጊዮርጊስ ጻፈች። ገጽ 46ም ሆነ 48 እንደሌለ፣ የምታውቀውን ሁሉ የሰማችው ከሻሺቱ ልጅ ከአያቷ እንደሆነ ገልጻ፣ ከእሱም ገጽ ላይ እንዲያወጣው ለምና ይቅርታ ጠየቀች። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ «ማንም ያልጻፈው ነገር እውነት ሲሆንስ፣ መጻፍ ከየት ይጀመራል?»

ሚስጥር ይህን ሁሉ ከጎኗ ስታነብ ቆይታ፣ በጣቷ ወደ አንዱ መስመር ጠቆመች። አንድ ፊደል ጎድሎ ነበር። ኖላዊት አስተካከለችውና ላከችው።

እንድሪያስ ለወላጆች ቀን የሌላ ተማሪ ገጽ ማሳየት እንደሚቻል ነገራት። እሷ ግን እንዳለ፣ ያለ ሻሺቱም ቢሆን የእሷው ቢታይ እንደማይከፋት መለሰችለትና ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች።

«ወዴት ነሽ?»

«መናኸሪያ። ወደ ዘሞ የሚወጣ መኪና አላጣም። አያቴ መጥተው ሻሺቱን ግድግዳው ላይ ፈልገው ከሚያጧት፣ አስቀድሜ እኔው ልንገራቸው።»

ሚስጥር ትንሽ እንደ ማመንታት አለች። ከዚያ የራሷን ኮምፒውተር ዘጋችና ተከተለቻት።