ሰልፈኛው ምስጥ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው፤ ውሸት ካለበት ምላሴ ይድረቅ።

የአንዲት ትንሽ ከተማ አስጎብኚ «የንጉሡ ጉድጓድ» ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ እንግዶቹን ሰብስቦ፣ ንጉሡ ፈረሶቹን እንዴት እዚያ እንዳጠጣ ተርኮ ሲያበቃ፣ ቦርጩን በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ባለው መደገፊያ ላይ ጭኖ «ንጉሥ ሆይ!» ብሎ ወደ ታች ይጮኻል። ጉድጓዱም ይመልስለታል። ያን ጠዋት ግን መደገፊያው እንጨት ከወገቡ ተሰብሮ ይዞት ወረደ።

መርማሪዋን ሰዎች «መርፌ» ይሏታል፤ የማትገባበት ቀዳዳ የለማ። የሟች ሚስት እጇን ያዟት።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ስም ብቻ ስጪኝ። የምረግመው ሰው ይኑረኝ።»

መርፌ ጎንበስ ብላ ስብራቱን አየች፤ አሸተተችውም። ከዚያ የከተማውን አናጢ ጠራች።

«ይሄ እንጨት ስንት ዓመቱ ነው?»

«ኧረ የንጉሡ ዘመን ነው! ምስጥ እንዴት እንዳደረገው አያዩም?»

«የእናንተ ምስጥ ተሰልፎ ነው እንዴ የሚበላው? ቀዳዳው ሁሉ እኩል፣ መስመሩ ቀጥ ያለ!»

አናጢው ላቡን ጠረገ።

ጉድጓዱ አጠገብ ያለችውን ባለ ሆቴል ደግሞ፣ «የድሮው የብረት መደገፊያ የት ሄደ?» አለቻት።

«እንግዶች "ንጉሡ የቧንቧ ብረት ነበራቸው እንዴ?" እያሉ ሳቁብን እኮ! ሳቅ አልጋ አያከራይም። አናጢውን "ጥንታዊ አድርገው" አልኩት። ግደለው አልኩት እንዴ?»

ከሰዓት በኋላ መርፌ ሁሉንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበች።

«ብረቱን ያስነሳሽው አንቺ። እንጨቱን በመሰርሰሪያ የበሳሳኸው አንተ። አዲስ እንጨት ግን ነጣ ይላል፤ ይሄ ጠቁሯል፣ ሻይ ሻይ ይሸታል። የሟቹም እጅጌ እንደዚሁ። በሻይ ቀብቶ ያጠቆረው ሟቹ ራሱ ነው።»

«እያወቀ ታዲያ ለምን ተደገፈው?» አለች ባለ ሆቴሏ።

«ብረት የለመደ ቦርጭ ነዋ! ጭንቅላቱ ያውቅ ነበር፤ ለቦርጩ የነገረው የለም።»

ሚስቱ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ሻዩን ያፈላሁለት እኔ ነኝ። ለእንግዶች መስሎኝ... "አጥቁሪው" ሲለኝ አጠቆርኩት።»

መርፌ አናጢውንና ባለ ሆቴሏን አየች። ሁለቱን ጣቢያ ልትወስዳቸው ትችላለች፤ የእማማን ሻይ ግን ምን ታድርገው?

«ማንን ልርገም፣ የኔ ልጅ?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

ሆቴሉ በር ላይ አውቶብስ ቆመ። «ሰውየው የወደቀበት የቱ ጋ ነው?» እያሉ እንግዶች ተግተለተሉ። ያኔ ነፋስ ተነስቶ የመርፌን ዐይን አቧራ ሞላው፤ በመሐረብ ስትጠርግ ቆየች።

እንግዲህ ምላሴ ሳይደርቅ አንዷን ውሸቴን ላርም። ነፋሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።