በትያትሩ ያልነበረው ድምፅ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን ከመጀመሪያው ያዝልኝ። ስሜ ይበልጣል ነው፣ ወረታ ውስጥ ከደብረ ታቦር መገንጠያ ትንሽ ወረድ ብሎ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ ሥራዬ ራሱ ሰው "ጋኔን ገብቶበት ነው የሚያንሾካሹከው" ብሎ የሚያመጣልኝን ሞንታርቦ ከፍቼ በረሮ ማውጣት ነው፣ አልቀለድኩም። ሰዎች ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ መሃል ገብቼ የማላግጥ፣ እናቴ "ተው፣ አንድ ቀን ያገኝሃል" እያለች የምትቆጣኝ ሰው ነኝ። ይኸው አገኘኝ፣ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ያገኘኝ ነገር ሳይሆን እኔ ያደረግኩት ነው።

ነገሩ ባለፈው ክረምት ነው። ክረምት ሲገባ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ልጆች ይመለሳሉ፣ ዝናቡም ሰውን ከቤት ያውለዋል፣ እኛም ያኔ ነው ትያትር የምናሳየው፣ ሁላችንም በበጎ ፈቃድ ነን። አዳራሽ የምንለው ከመንገዱ ጀርባ ያለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው፣ ፊቱ ወደ ከተማው፣ ጓሮው ወደ ሩዝ ማሳው፣ ክረምት ሲሆን ውሃው የጓሮ በሩ ሥር ድረስ ይተኛል። ተዋንያኖቻችንን ብታይ ትስቃለህ፣ ፖሊስ የሚሆንልን ባጃጅ ነጂ ነው፣ ልምምድ መሃል መንገደኛ ከጠራው ወንጀለኛውን ጥሎ ይሮጣል። አልቃሽ የምትሆነው ጥሩወርቅ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው የምትሠራው፣ ድምፅዋ ግን ድንጋይ ያስለቅሳል። ድርሰቱና ዝግጅቱ የኔ ነው፣ "ዳይሬክተሩ" ሲሉኝ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽህም።

የዚያ ክረምት ትያትር ወንዝ ስለወሰደው አንድ ወጣት ነበር። ከራሴ የፈጠርኩት እንዳይመስልህ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ እማማ የሺ የሚባሉ እናት አሉ፣ ልጃቸው ደሳለኝ ካቻምና ክረምት ከብት ሊያሻግር ርብ ወንዝ ውስጥ ገባ፣ ከብቶቹ ወጡ፣ እሱ አልወጣም። ተፈልጎ ተፈልጎ ሲታጣ ጣና ገብቷል ተባለ። እናትየው ግን "ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም" ብለው ድርቅ አሉ፣ ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ጥቁር አልለበሱም፣ ፍትሐት አላስደረጉም፣ ማታ ማታ በራቸውን ሳይቀረቅሩ ነው የሚያድሩት። ዘመድ ለመናቸው፣ የንስሐ አባታቸው "ነፍሱን አያንገላቷት፣ አልቅሰው ይሸኙት" እያሉ ተመላለሱ፣ ወይ ፍንክች!

እኔ ታዲያ ይሄን ሰምቼ ምን አልኩ መሰለህ፣ "አቤት ትያትር ሲወጣው!" አልኩ። ስሙን አያሌው ብዬ ቀየርኩና ጻፍኩት።

በእኛ አገር ሬሳው ያልተገኘ ሰው ሲለቀስለት ልብሱና ዱላው መሃል ላይ ይደረግና አልቃሿ በልብሱ ላይ ስሙን እየጠራች ታስለቅሳለች። እንዲህ ከተደረገ በኋላ ሰውየው ሞቷል፣ አበቃ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው የለም። የትያትሩ መጨረሻ ይህ ነበር። ተማሪዎቹ "ከየትም አንድ ጋቢ እናመጣለን" ቢሉኝ እኔ አልጥመኝ አለ፣ እውነተኛ ዕቃ ካልሆነ ሰው አያለቅስም ባይ ነኝ። ጥሩወርቅ ሐሳቤ ሲገባት "ተው ይበልጣል፣ ይሄስ ይቅርብህ፣ የሰው ልብስ ነው" አለችኝ፣ "አንቺ ብቻ ሙሾሽን አሳምሪ" አልኳትና እማማ የሺ ቤት ሄድኩ።

"እማማ፣ ለትያትር የደሳለኝን ጋቢና ሽመሉን ቢያውሱኝ ብዬ ነበር።"

"የምን ትያትር ነው ልጄ?"

"የሰርግ" አልኳቸው። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ብቻ ወጣ።

ፊታቸው ሲበራ ብታይ! "ውይ! ሙሽራው ነው የሚለብሰው?"

"አዎ፣ ሙሽራው።"

ከሳጥን ውስጥ ጋቢውን አወጡት፣ ጥለቱ ሰማያዊ፣ እጥፋቱ ያልተነካ። "ሲመጣ እንዳይሸተው እያልኩ በየበዓሉ አጥበዋለሁ" አሉኝ። "ለሙሽራ ከሆነማ ደግ ነው፣ ገዱ ለሱም ይተርፈዋል። መጥቼ ባየውስ?"

"አይ እማማ፣ በዚህ ዝናብ ምን ያንገላታዎታል" አልኩና ጋቢውን በላስቲክ ጠቅልዬ ሽመሉንም ይዤ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ልቤን ትንሽ ቆጠቆጠኝ፣ ግን የትያትሩ ነገር በለጠብኝ።

ጋቢውን መድረኩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፣ በማግስቱ ስንመጣ ጫፉ ርሷል። ጣሪያው ያፈሳል አልኩና ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወርኩት፣ እዚያም ረጥቦ ተገኘ፣ ያውም ከላይ ደረቅ ሆኖ ከታች ብቻ፣ ሰው ለብሶት ውሃ የተሻገረበት ይመስል። ደግሞ ይሸታል፣ የወንዝ ደለል ሽታ ታውቀው የለ፣ እሱን። "ፖሊሳችን" አፍንጫውን ይዞ "ሙሽራው ሳይታጠብ ነው እንዴ የመጣው?" ብሎ አሳቀን። ሌላው ነገር፣ ጥሩወርቅ ሙሾዋን በጀመረች ቁጥር ከጓሮ በሩ ውጭ ውሃ ውስጥ የሚራመድ ሰው ድምፅ እንሰማለን፣ ቸብ ቸብ፣ ረጋ ያለ፣ ስታቆም ያቆማል። ከፍቼ አየሁ፣ ማንም የለም፣ "እንቁራሪት ነው" አልኳቸው። እመነኝ፣ እንቁራሪት እንደዚያ እንደማይራመድ እኔም አላጣሁትም።

የትያትሩ ዕለት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጀመርን። መብራቱ እንደ ልማዱ ጠፍቷል፣ በፋኖስና በስልክ መብራት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ተዋንያኑ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይጮኻሉ። አዳራሹ ጢም ብሏል። መጋረጃው ዳር ቆሜ ሳይ ማን ቢገባ ጥሩ ነው፣ እማማ የሺ! ነጠላቸው በስብሶ፣ ፈገግ ብለው። ያመጣቸው ያው ፖሊሳችን ነው፣ መንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ "ትያትሩን ላይ ነው" ሲሉት አሳዝነውት በነፃ ጭኖ። ሰው ለእሳቸው ተነሥቶ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

ያኔ ማቆም እችል ነበር። ጋቢውን አንሥቼ የራሴን ጃኬት መጣል እችል ነበር፣ ለጥሩወርቅ አንዲት ቃል ማንሾካሾክ እችል ነበር። ሰው ሞልቷል፣ ትያትሩ ተይዟል፣ ስሜ አለበት፣ ዝም አልኩ። ይሄን ዝምታዬን ነው እስከዛሬ የማልረሳው።

መጨረሻው ደረሰ። ጋቢውና ሽመሉ መሃል ላይ ተደረጉ፣ ጥሩወርቅ ደረቷን እየመታች ገባች።

"ከብቱ ተሻግሮ ጌታው የት ቀረ፣
ውሃ እንግዳ ወስዶ መቼ አሳደረ"

አለች፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ላከ። ቀጥሎ "አያሌው!" ብላ መጣራት ነበረባት። "ደሳለኝ!" አለች። ኋላ ስጠይቃት ከአፌ አመለጠኝ ነው ያለችኝ፣ ሩዝ ሊያስፈለፍል ሲመጣ ታውቀው ነበር፣ ጋቢውን ስታይ ስሙ መጣባት።

ዝናቡ ያኔ ቀጥ አለ፣ ሰው የዘጋው ያህል። እማማ የሺ ከወንበራቸው ተነሡ። አልጮኹም። "ማንን ነው የምታለቅሱት?" አሉ፣ "ልጄ እኮ አልሞተም።" ከዚያ ፊታቸውን ወደ መድረኩ ጀርባ አዙረው፣ እናት ከደጅ ቆማ ከብት የሚጠብቅ ልጇን ለእራት እንደምትጠራው፣ "ደሳለኝ!" አሉ።

"አቤት እማ! መጣሁ!"

ከጓሮ በሩ ውጭ ነው። የወጣት ድምፅ፣ የሚያስፈራ አይደለም፣ ሥራ ይዞ ቀና እንዳለ ሰው ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ ቸብ ቸብ እያለ መጣ፣ መጣ፣ በሩ ሥር ሲደርስ ቆመ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ትያትሩ መስሏቸዋል እኮ! እኔ ተዋንያኖቼን አንድ በአንድ አየሁ፣ ሁሉም መድረኩ ላይ ናቸው፣ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው እኔን ያያሉ። የተቀዳ ድምፅ ይሆናል እንዳትለኝ፣ ሞንታርቦው የኔ ነው፣ መብራት ሳይኖር ሱቄ ውስጥ ተቆልፎበት ነው ያለው። በሩን ከፈትኩ። ማንም የለም። ማሳው በውሃ ተሞልቷል፣ ውሃው ሌላው ጋ ፀጥ ብሎ በሩ ሥር ብቻ ይወዛወዛል።

እማማ የሺ ከኋላዬ ደርሰው ነበር። "የታለ?" አሉኝ።

"እማማ..."

"የወለድኩትን ልጅ ድምፅ አላጣውም። የታለ ይበልጣል?"

ምን ልበላቸው? አላውቅም ብላቸው እዚያ ደፍ ላይ ተቀምጠው ዕድሜያቸውን ሊጨርሱ ነው፣ ዘመድ ሁሉ የለመናቸው ነገር መጣብኝ፣ የንስሐ አባታቸው መጡብኝ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፈራሁ፣ ያን በር ክፍት አድርጌ መቆም አልቻልኩም።

"ከልጆቻችን አንዱ ነው" አልኳቸው። "ከተማሪዎቹ። የሰው ድምፅ ማስመሰል ይችላል፣ ደሳለኝን ያውቀው ነበር። ትያትር ነው እማማ።"

"ትያትር?"

"ትያትር።"

"የሰርግ ነው አላልከኝም ነበር?"

ደፉ ላይ ቁጭ አሉ፣ እግራቸው ውሃው ውስጥ ገባ፣ "እንግዲያማ የለማ" አሉ፣ "ልጄ የለማ"፣ ከዚያ ያ ሁሉ ጊዜ የያዙት ልቅሶ ወጣ። ጥሩወርቅ ጋቢውን አምጥታ ደረበችላቸው፣ ሲነሡ ውሃው ከጫፉ ይንጠባጠብ ነበር።

በዚያው ሳምንት ለቅሶ ተቀመጡ፣ ፍትሐቱም ተደረገ። አገሩ ሁሉ አመሰገነኝ፣ የንስሐ አባታቸው ሱቄ ድረስ መጥተው "እኛ ያቃተንን አንተ አደረግኸው፣ ነፍሱን አሳረፍካት፣ እግዚአብሔር ይስጥህ" ብለው መስቀል አሳለሙኝ። ስሳለም ግንባሬን አላበኝ። ትያትሩን ደግማችሁ አሳዩ የሚሉንም ነበሩ፣ "ያቺ የአቤት ነገር ግሩም ናት" እያሉ። አልደገምነውም። ልጆቹን ለየብቻ እየያዝኩ ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ "እኔ ነኝ ያለ አልነካውም" አልኩ፣ ማንም እኔ ነኝ አላለም።

ጥሩወርቅ የትያትር ክበባችንን ለቃለች። መፈልፈያ ቤቱ ሄጄ ስለምናት ማሽኑን ሳታቆም በጩኸቱ መሃል አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፣ "አንተ ለእማማ እያወራህ አልሰማህም እንጂ እኔ ሰምቼዋለሁ። 'ትያትር ነው' ስትላቸው ያ እርምጃ ከበሩ ተመለሰ። ቀስ ብሎ ወደ ማሳው ተመለሰ።"

ያን ዕለት ሱቅ አልከፈትኩም። ምን እንደነበር አላውቅም፣ ዛሬም ሙት ይናገራል አልልህም፣ ግን ያ ድምፅ መጣሁ ነው ያለው፣ እናቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው እኔ ነኝ መሃላቸው ገብቼ የለም ያልኳት።

ይሄ ብቻ ቢሆን ከራሴ ጋር ታግዬ እተወው ነበር። እማማ የሺ በገበያ ቀን ይመጣሉ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ተረጋግተዋል፣ በራቸውንም መቀርቀር ጀምረዋል አሉ። አልተቀየሙኝም፣ እሱ ነው የሚገድለኝ። ሱቄ በር ላይ ቆመው "ያን ልጅ አምጣልኝ" ይሉኛል፣ "አልቆጣውም፣ አንዴ ብቻ ልጥራውና አቤት እማ ይበለኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።" ባሕር ዳር ነው አልኳቸው፣ ሥራ ይዞ ርቆ ሄደ አልኳቸው። ባለፈው ደግሞ እርጎ በቅል ይዘው መጡ፣ "ለሱ ነው፣ ሰው ካገኘህ ላክለት" ብለው። ተቀበልኳቸው፣ ምን ላድርግ!

ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉና "እናት አለችው?" አሉኝ።

"አለችው" አልኩ።

"ታድላ" አሉ።