የናሂላ አወራረድ

የአርማዛ ከተማ ነጋሪት ማንም ሳይመታው በጠራራ ፀሐይ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ወዲያውም የዛሬማ ወንዝ ከነዓሣው፣ ከነጉማሬው ደረቀ። ምክንያቱን ለማወቅ ጠንቋይ መጥራት አላስፈለገም፤ በቆላው ዋሻ የሚኖረው ዘንዶ ጉርሞስ ወንዙን ከነምንጩ ውጦት ነበር። ትንቢቱንም ሁሉም ያውቀዋል፦ «ንቅሐት የተባለውን ጦር ደሙ የነቃ የንጉሥ ልጅ ያነሣዋል፤ ወንዙም ይመለሳል።»

የንጉሥ ልጅ ደግሞ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የሟቹ ንጉሥ ልጅ ናሂላ። ባለፈው ዓመት ከጉርሞስ ጋር ስትዋጋ ዘንዶው በጅራቱ ዳሌዋን አድቅቆታል። የቤተ መንግሥቱ ሐኪም እሜቴ ዋጌ ከነጭ አበባ የሚገኘውን የሰመመን ወተት በቀንድ እየለኩ ባያጠጧት ኖሮ ሕመሙ ብቻ በገደላት። አጥንቷ ገጠመ። ወተቱ ግን አብሯት ቀረ። ካልጠጣች እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ጠጥታ ጦሩን ስትጨብጥ ደግሞ ጦሩ መዳፏን እንደ ፍም ያቃጥለዋል። ደሟ ተኝቷልና።

በአርማዛ ጀግና የሚተወውን ነገር በአንድ ምት ይተዋል። ሥርዓቱ ነው። ግንብ ላይ ይወጣል፣ ይምላል፣ ወደ ገደል ይወረውራል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። ከዚያ በኋላ ጀግናው እንዴት እንዳደረ ማንም አይጠይቅም። ናሂላም ግንቡ ላይ ወጣች።

«ሰማይና ገደል ይስሙኝ! ይህ ወተት ከእንግዲህ ከከንፈሬ አይደርስም!»

ቀንዱን ወረወረችው። ሹማምንቱ አለቀሱ። አዝማሪው ቀመሬ እዚያው ቆሞ ስንኝ ደረደረ።

በማግስቱ ናሂላ በላብ ተጠምቃ በብርድ ትንቀጠቀጥ ጀመር። የበላችውን አስመለሰች፤ አጥንቶቿ ሁሉ እንደገና የተሰበሩ መሰላት። ጥቂት ቀናት ታገለች። ከዚያ በድብቅ ሌላ ቀንድ አስመጣችና እንደ ድሮው ሙሉውን ጨለጠችው። ሰውነቷ ግን በእነዚያ ቀናት የድሮውን ልክ ረስቶት ነበር። ከንፈሯ ጠቆረ፤ ትንፋሿ ቆመ።

ስትነቃ እሜቴ ዋጌ አጠገቧ ተንበርክከዋል። እጃቸው ላይ ትንፋሽ መላሽ የሚሉትን ዱቄት በአፍንጫዋ የነፉበት ሸምበቆ አለ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አሉ እያለከለኩ። «አንቺን ግን ለቅሜ አልጨርስሽም ነበር፣ ልጄ።»

«መሐላዬን አፈረስኩ። ፈሪ ነኝ።»

«ፈሪስ አይደለሽም። ደረጃ እያለ ከሰገነት ዝለሉ የሚለው ሥርዓታችን ነው ጅሉ። ወተቱን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ አድኖሻል፤ ሰውነትሽም ለመደው። ይኼ ነውር አይደለም። አሁን ደግሞ እኔው አወርድሻለሁ።»

ከከተማው እስከ ዘንዶው ዋሻ ተራራው እርከን በእርከን ነው። የእሜቴ ዋጌ ዘዴ ይህ ነው፦ በየእርከኑ ይሰፍራሉ፤ በየእርከኑ የወተቱ ልክ ጥቂት ይቀንሳል። ሰውነቷ ካመፀ እዚያው ይቆያሉ።

«ታዲያ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ዘንዶው ይጠብቀናል?» አለ ቀመሬ ከበሩ ላይ።

«የከተማው የውኃ ጉድጓዶች ለጊዜው ያደርሱናል» አሉ እሜቴ ዋጌ። « አንተ ይህን ዱቄት ያዝና ከጎኗ አትለይ።»

ጉድጓዶቹ ቢያደርሱም ሕጉ አያደርስም ነበር። ናሂላ በሸንጎ ቆመች። «ዘመን ከመለወጡ በፊት ጦሩን ያላነሣ ወራሽ ዘውዱን ያጣል። አውቃለሁ። እንግዲያው ዘውዱ ለአጎቴ ልጅ ለዳምጠር ይሁን። ቸኩዬ ነግሼ ከምቀበር፣ ዘግይቼ ወንዙን ባመጣ ይሻለኛል።»

ማንም እልል አላለም።

ወረዱ። ቀመሬ መንገዱን ሙሉ አማረረ። «"ዛሬም ትንሽ ቀነሰች" የሚለው በምን ዜማ ይዘፈናል? ሌላው ጀግና አንገት ይቆርጣል፤ የእኛዋ አንድ ጉንጭ ወተት ትቀንሳለች!» ናሂላ እየሳቀች ድንጋይ ትወረውርበት ነበር።

ነፋሻ በሚሉት እርከን ላይ ግን ሳቁ አለቀ። እግሮቿ አላርፍ አሉ፤ እንቅልፍ ጠፋ፤ ዓይኗና አፍንጫዋ ያለ ማቋረጥ ፈሰሱ። እሜቴ ዋጌ መቀነሱን አቆሙ። ብዙ ከመቆየታቸው የተነሣ ቀመሬ ጎመን ዘርቶ፣ ጎመኑ ደርሶ ቀቅሎ በላ። አንድ ምሽት ከተራራው ጫፍ መለከት ተሰማ። ዳምጠር እየነገሠ ነበር። ናሂላ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ቀመሬ፣ ቀንዱን አምጣ። ሙሉውን! በዘውዴ አዝዝሃለሁ!»

ቀመሬ ወደ መለከቱ ጆሮውን ጣለ። «እመቤቴ፣ ዘውድዎ እኮ አሁን ሌላ ሰው ራስ ላይ እየተደፋ ነው።»

ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ዞረ። እሱም እግሯን እያሸ፣ ስለ ሹማምንቱ የማይነገረውን ሁሉ እያወራላት አደረ። ሲነጋ እሜቴ ዋጌ የትናንቱን ልክ ሰጧት፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ጥቂት ሰንብተው እንደገና ወረዱ።

በመጨረሻው እርከን ቀንዱ ባዶውን ቀረ።

«አሁንም ያመኛል» አለች ናሂላ።

«ያምሻል። በሙቅ ጨርቅ፣ በእርምጃ፣ በእኛም እናስታምመዋለን።»

ጦሩን ጨበጠችው። እንደ ወንዝ ጠጠር ቀዘቀዛት።

ጉርሞስ ሆዱ በወንዙ ተነፍቶ ከዋሻው አፍ ተጋድሞ ነበር። በዝግታ ተናገረ፦ «ዳሌሽ ያምሻል፣ ልጂት። ከጉሮሮዬ የሚወጣውን ጉም አንዴ ሳቢ፤ ዳግመኛ አያምሽም።»

ጉሙ እንደ ወተቱ ሸተተ። ጦሩ በእጇ መሞቅ ጀመረ። ያኔ የሰውነቷን ክብደት ሁሉ በተሰበረው ዳሌዋ ላይ ጣለች። ሕመሙ እንደ መብረቅ ወጣ።

«ያመኛል!» ብላ ጮኸች። «ነቅቻለሁ ማለት ነው!»

ጦሩን ሰደደችው። የዘንዶው ሆድ ተተረተረ፤ ዛሬማም እያገሳ ወጣ።

ናሂላ እያነከሰች ወደ አርማዛ ስትገባ ንጉሥ ዳምጠር ከዙፋኑ ተነሥቶ ተቀበላት፤ ዙፋኑ ግን የእሱ ሆኖ ቀረ። ሕዝቡ ባዶውን ቀንድ በእጇ አየና ወደ ግንቡ ገፋት። «ወርውሪው! ወርውሪው!»

ግንቡ ላይ ወጣች። ቀመሬ መሰንቆውን ደግኖ ጠበቀ። እሷ ግን በዛሬማ ውኃ ያጠበችውን ቀንድ ወደ እሜቴ ዋጌ ዘረጋች።

«ለሚቀጥለው ቁስለኛ» አለች። «ሲሰጡት ግን አወራረዱንም አብረው ይስጡት።»

አንዲት ሴት ከኋላ እልል አለች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሁሉም። ቀመሬም ክሩን በዝግታ ገዘገዘ፤ ዜማው ተገኝቶለት ነበር።

ናሂላ የግንቡን ደረጃ ወረደች፤ አንድ በአንድ።