በሩ ወደ ገበያ የዞረው ቤት

ደምለው ከደባርቅ ሲነሳ ቁጣውን ስንቅ አድርጎ ነበር። ጃናሞራ ውስጥ ለምትገኝ አንዲት ሩቅ መንደር የእናቶች ማቆያና ማዋለጃ ቤት የነደፈው እሱ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ መንደሯን በፎቶ ብቻ አይቶ። ቤቱ ካለቀ ወዲህ ግን አንዲት እናት አልገባችበትም። ገበሬው ጭድ ሞላበት አሉት። ሄጄ ልክ አገባቸዋለሁ ብሎ ክረምቱ ሳይወጣ ተነሳ።

ጎርፍ የመኪናውን መንገድ ቆርጦት ነበርና በእግር ሄዱ፤ መንገድ መሪው ገሠሠ ከፊት፣ በቅሎዋ ከመሃል፣ ደምለው ከኋላ። አፋፉ ላይ በረዶ ወረደባቸው፤ ከቋጥኝ ጥግ ተኮራምተው አሳለፉት። ሲያባራ ጠርዙን ይዘው ቁልቁል ወረዱ። ያኔ ከበላያቸው የነበረ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ደንብሮ ሮጠ፤ ገደሉ ድንጋይ አዘነበ።

«ይለጠፉ፣ ከቋጥኙ ይለጠፉ» አለ ገሠሠ።

ደምለው ተለጠፈ። በቅሎዋ በረገገች፣ ኮቴዋ ከዳት፣ ከነጭነቷ ጉም ውስጥ ገባች። ገሠሠ የገዛ በቅሎው ነበረችና ፊቱን አዞረ።

ከሥር ወንዙ ሞልቶ ያጓራል። በአንድ ገመድ ታስረው ገቡ፤ ውሃው ደረታቸውን እየመታ፣ እየጣለ እያነሳ አሻገራቸው። ከማዶ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። ጋቢ የተከናነበች ሴት ታቃስታለች።

«ደባርቅ ልናደርሳት ነበር» አለች አጠገቧ ያለችው አዋላጅ እየሩስ። «ምጡ ጠንቷል፤ ወንዙ ደግሞ አላሳልፍ አለን።»

«መንደራችሁ ቤት ተሠርቶላችሁ የለም እንዴ?» አለ ደምለው።

የሴትየዋ እናት ባንቻየሁ ቀና ብለው አዩት። «ምጥ ሰው ባወቀው ቁጥር ይጠናል ልጄ። በሩ ወደ ገበያ መንገድ፣ ፊቱ ሁሉ መስታወት። ልጄ ስጦታ ገበያተኛ እያያት ታምጥ? ማን እንደሠራው እንጃ፤ እናት ያለችው ሰው አይመስለኝም።»

ደምለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የተወለደው እዚሁ ጎረቤት፣ ዳባት ነው፤ እናቱም ከጓዳ፣ መጋረጃ ተጥሎ አምጠው እንደወለዱት ያውቃል። እያወቀ፣ ፎቶ ላይ ያምራል ብሎ በሩን ወደ መንገድ አዞረው።

«እኔ ነኝ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

የስጦታ ባል አለምነህ ዱላውን አነሳ። «እንግዲያው ከፊቴ ጥፋ።»

«ምታኝ፤ ይገባኛል። ግን መጀመሪያ እንመለስ። በጓሮ በኩል በር አወጣላታለሁ።»

አለምነህ እየሩስን አያት። «መመለሱ ይሻላል» አለች። ዱላው ወረደ።

ደምለው ከሰዎቹ ጋር ቃሬዛውን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። እንደደረሱ ዶማ ተቀብሎ ከጓሮው መስኮት ሥር ያለውን ግድግዳ ናደው፤ ገሠሠና አለምነህ ጭዱን አውጥተው መስታወቱን በሰሌን ጋረዱ። መዳፉ ተልጦ ደማ። ማንም ተው አላለውም።

ስጦታን በዚያ አስገቧት። ተከትሎ ሊገባ ሲል ባንቻየሁ ክንዳቸውን ዘረጉ።

«የወንድ ቦታ አይደለም ልጄ። ፊትህንም አዙር።»

አዞረ። ገደሉን እያየ ቆመ። ከኋላው ጩኸቱ በረታ፣ እየሩስ በርቺ በርቺ አለች፣ ከዚያ ሕፃን አለቀሰ። እልልታው ቀለጠ። ደስ አለው፤ እፍረቱ ግን ከደስታው በለጠ።

ባንቻየሁ ብቅ አሉ። «ሁለቱም ተርፈዋል። አሁን መዞር ትችላለህ።»

ደምለው ግን ፊቱን ወደ ገደሉ እንዳዞረ ቆሞ ቀረ።