ጎሮ ያልደረሰው ሰውዬ

ሐምዛ መጀመር እንጂ መጨረስ አይሆንለትም። እናቱ ይህን ታውቃለች፤ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት መጋዘን አብረውት የሚሠሩትም ያውቃሉ። አስማ ግን ያወቀችው ዘግይታ፣ ከወደደችው በኋላ ነበር።

የተገናኙት በ1991 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ኦሎምፒያ አጠገብ ወይዘሮ ፀሐይነሽ የጽሕፈት አገልግሎት ነበራቸው፤ አስማም እዚያ ማመልከቻና ውል ትተይባለች። ሐምዛ ዝናብ አባሮት ገባ። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ አየ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ቆሞ ሲያየው ቆየ።

«ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ስህተት አለው?»

«የለውም። ፊደልሽ ያምራል። ለእኔም ፊደል ትሥዪልኛለሽ?»

አስማ ሳቀች። ወንዶች ሴት ለማነጋገር የሚፈጥሩትን ሰበብ ሁሉ የሰማች ይመስላት ነበር፤ ይሄኛው ግን አዲስ ሆነባት።

እሱ ግን የምሩን ነበር። ሐምዛ ከሥራ ውጭ የኮምፒውተር ጨዋታ ይሠራል። ዣንጥላ የያዘ አንድ ሰውዬ ከኦሎምፒያ ይነሣና ጭቃውን እየዘለለ፣ ከታክሲና ከአህያ እየሸሸ ይሄዳል። ጨዋታውን የሚሠራበት ፕሮግራም አማርኛ አያውቅምና ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ፊደል ሁሉ በነጠብጣብ መሣል ነበረበት። የሰውዬው መድረሻ መጀመሪያ መርካቶ ነበር። የአስማ ቤት ጎሮ መሆኑን ሐምዛ በሰማ ማግስት ሰውዬው አቅጣጫ ቀየረ፤ በመንገዱ መጨረሻም አንዲት ልጅ በር ላይ ቆመች።

ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮው ሲዘጋ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ቁልፉን ለአስማ ይተዉላታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ባለአራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ ፊደል ይሠራሉ። እሷ በእርሳስ አንዷን ሳጥን ታጠቁራለች፣ ሌላዋን ትተዋለች። ሐምዛ ወረቀቱን ትቶ ጣቶቿን ያያል። አስማም እንደሚያያት ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ቀና አትልም።

«‹ጨ› እግር በዛባት» ትለዋለች።

«ትብዛ። ጭቃ ላይ ነው የምትቆመው።»

መጋዘን ውስጥ በብጫቂ ወረቀት የጻፈውን ፕሮግራም የምትተይብለትም እሷ ነበረች። መጀመሪያ ምኑም አልገባትም፤ እየተየበች ገባት፤ ኋላ ላይ ስህተቱን ሳትጠይቀው ታርመው ጀመር።

ሐምዛ ጨዋታውን ለጠየቀው ሁሉ በነጻ፣ ያውም ፕሮግራሙን ከነጽሑፉ፣ በዲስክ ገልብጦ ይሰጣል። የመጋዘን ባልደረባው ኃይለኪሮስ ይናደድበት ነበር።

«አንተ ጅል! የደከምክበትን እንዲህ ትበትናለህ?»

የሐምዛ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ያሻህን ቀይር፣ የቀየርከውን ግን ቅጂውን አምጣልኝ። እስከዚያ ጊዜ ያመጣለት ሰው አልነበረም።

የአስማ አባት አቶ አብዱልናስር የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን ሐምዛን መንገድ ላይ አገኙትና «ልጄ፣ ምን ትሠራለህ?» አሉት። ይሄ ጉደኛ መጋዘኑን ትቶ ስለ ሰውዬውና ስለ ዣንጥላው አወራላቸው። «ጨዋታ?» ብለው ዝም አሉ። ያቺ ዝምታ ሐምዛ ልብ ውስጥ ቀረች። ጨርሼ ሳላሳያቸው ደጃቸውን አልረግጥም ብሎ ማለ።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው አስማ።

«ጨዋታው ይለቅልኝና።»

«አባቴ የሚጠብቀው ሽማግሌ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም።»

«ጎሮ መግቢያ ላይ ሰውዬው እየደረቀ ይቆምብኛል። ያቺን ስህተት ብቻ ላስተካክል። ለኢድ ያልቃል።»

ኢድ መጣ፣ አለፈ። ሰውዬው መራመድ ጀመረ፤ ያኔ ደግሞ ዝናቡ አልጥመው አለ። ዝናቡ ሲስተካከል አህያዎቹ ተበላሹ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሐምዛ ይፈራ ነበር። ጨዋታው እስካላለቀ ድረስ እምቢ የሚለው ሰው የለም።

አንድ ቅዳሜ አስማ እርሳስ ሳታነሣ ተቀመጠች።

«ትናንት ሽማግሌ መጣብኝ። የአባቴ ደንበኛ ልጅ ነው።»

ሐምዛ የያዘውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አባቴ ለብቻዬ ጠርቶ ‹የምትጠብቂው ሰው አለ?› አለኝ። አለ አልኩት። ‹እንግዲያው እስከ ጁምዓ ይምጣ፣ ፊቴን አላጠቁርበትም› አለኝ። ሰማኸኝ? አልከለከለህም።»

«እመጣለሁ።»

«ባዶ እጅህን ና። አጎትህን ይዘህ ብቻ ና።»

«እመጣለሁ አልኩሽ እኮ!»

ለአጎቱ ሊነግር አስቦ ነበር። ግን ጨዋታውን ይዞ ቢሄድስ? አቶ አብዱልናስር በዓይናቸው አይተው «ለካ ይሄን ነው!» ቢሉትስ? ሳምንቱን ሙሉ አህያዎቹ ላይ አቀረቀረ። ጁምዓ ከሶላት መልስ አንዲት ስህተት ቀረችው፤ ቀኑ መሸ። የአንድ ቀን ነገር ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ቅዳሜ ኦሎምፒያ ሲደርስ ከአስማ ወንበር ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ፀሐይነሽ ነበሩ። ገና ሲያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ምን ነካህ አንተ ልጅ?»

«አስማ የለችም እንዴ?»

«ሥራዋን ለቃለች። ትናንት ማታ ለሽማግሌዎቹ ቃል ተሰጠ፤ ኒካህ በሚመጣው ሳምንት ነው።» መሳቢያ ከፍተው ዲስክ አወጡ። «ዛሬ ጠዋት እዚሁ ስትተይብ ቆይታ ይህን ስጡልኝ አለች። ቅጂ መመለስ ሕግ ነው ብላለች።»

እዚያው ከፍቶ ተጫወተ። ሰውዬው ከኦሎምፒያ ተነሣ፤ ጭቃውን ዘለለ፤ አህያዎቹ በሥርዓት አለፉ። ስህተቱን አርማዋለች። ጎሮ ሲደርስ ዝናቡ ቆመ፤ ሰውዬው ዣንጥላውን አጠፈ። በሩ ዝግ ነበር፤ ልጅቷ የለችም። አስማ በእርሳስ ባጠቆረቻቸው በእነዚያው ፊደላት፣ በሩ ላይ ቀስ እያለ አንድ መስመር ወጣ።

«ጁምዓ ቀኑን ሙሉ እዚህ ቆሜ ነበር።»

ሐምዛ ፊቱን በእጁ ሸፈነና አለቀሰ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ በሩን ዘግተው ወደ ውጭ ወጡለት።

ከዚያ በኋላ ጨዋታውን አልነካውም። ለጠየቀው ሁሉ መስጠቱን ግን አልተወም፤ የሚሰጠውም የእሷን ቅጂ ነው። ኃይለኪሮስ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ተጫወተና ጽሑፉን አንብቦ ግራ ገባው።

«ልጅቷስ ጠበቀች። ሰውዬው የት ቆይቶ ነው?»

«ዝናቡን ሲያስተካክል» አለ ሐምዛ።